ለራፐሯ የእህቴ ልጅ

ይህ ሙዚቃ የወንዶች ነው፣ እኔ በእንግድነት ነው የገባሁት ብለሽ አታስቢ። ባለፈው ለእናትሽ «ሴት ስለሆንኩ እንዲቀበሉኝ እጥፍ መልፋት አለብኝ» ስትያት ሰምቼሻለሁ። መልፋቱስ ይሁን፤ ያለ ልፋት የሚገኝ ነገር የለም። ፈቃድ ሰጪዎቹ እነሱ፣ ደጅ ጠኚዋ አንቺ እንደሆንሽ አድርገሽ ማውራትሽ ግን አልተዋጠልኝም። የዚህን ሙዚቃ የመጀመሪያ ምሽት ያዘጋጀችው ሴት ልጅ ናት።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ሴጅዊክ አቬኑ ቁጥር 1520 በሚባል የኪራይ ሕንጻ የሰፈር ጭፈራ ተደረገ። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል አዲስ ልብስ መግዣ ገንዘብ ፈለገችና የነዋሪዎቹን አዳራሽ ተከራየች። መጥሪያው በትንንሽ ካርድ ላይ በእጅ ተጻፈ። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ሆነ። ሸክላ ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ ነበር፤ ዲጄ ኩል ኸርክ የሚሉት። ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን አድርጎ ከበሮው ለብቻው የሚመታበትን ቦታ እያራዘመ ሰው ማስጨፈርን ያመጣው እሱ ነው፤ የሂፕ ሆፕ ልደትም ከዚያ ምሽት ይቆጠራል። ታሪክ የወንድሟን ስም በትልቁ ጻፈ። አዳራሹን የተከራየችውን፣ ምሽቱን ያሰበችውን ልጅ ለማስታወስ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ።

ሲንዲ ማይክ አልያዘችም፤ ምሽቱ እንዲኖር የወሰነችው ግን እሷ ናት። አንዲት ሴት በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ያላትን ኃይል ልትመዝኚ ስትፈልጊ ክሊፑን ስንት ሰው አየው፣ ቀሚሷ አጠረ ወይስ ረዘመ አትበይ። ማን ወሰነ በይ። ስሟን ማን አወጣላት? ግጥሙን ማን ጻፈው? ውሉ ላይ የማን ፊርማ አለ? ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው ማን ኪስ ነው? እኔ ዕድሜዬን የሰው የግብር ሒሳብ ስሠራ ነው የኖርኩት፤ ከደንበኞቼ መካከል ዘፋኞችና አቀናባሪዎች አሉ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ስታስጨፍር የከረመች ልጅ በዓመቱ መጨረሻ እጇ ላይ አንድም የገቢ ወረቀት ሳይኖር ፊቴ ስትቀመጥ አይቻለሁ። እንደዚያች ልጅ ሆነሽ ፊቴ እንድትቀመጪ አልፈልግም።

ሲልቪያ ሮቢንሰንን እወቂያት። ራሷ ዘፋኝ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ከጊታር ተጫዋቹ ከሚኪ ቤከር ጋር ተጣምራ በመላ አሜሪካ የተሰማ ዘፈን ሠርታለች። በ1979 ኒው ጀርሲ ውስጥ ከባሏ ጋር ሹገር ሂል የተባለውን ኩባንያ አቁማ «ራፐርስ ዲላይት»ን አወጣች። እስከዚያ ድረስ ራፕ በአዳራሽና በመናፈሻ የሚሰማ፣ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር ነበር፤ በሸክላ ወጥቶ ይሸጣል ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት ነው። እሷ አሰበች። በ1982 «ዘ ሜሴጅ» የሚባለውን ስታመጣ የግራንድማስተር ፍላሽ ቡድን ልጆች ለጭፈራ አይሆንም ብለው ሊሠሩት አልፈለጉም ነበር። ገፍታ አሠራችው። ራፕ ስለ ድህነትና ስለ ሰፈር መከራ መናገር እንደሚችል አገሩ ሁሉ የሰማው በዚያ ዘፈን ነው።

ሙሉውን ካልነገርኩሽ ግን ምክር አይሆንም። ይኸው ኩባንያ ከራሱ አርቲስቶች ጋር በክፍያ ሲካሰስ ኖሯል፤ ፍላሽ በ1983 ፍርድ ቤት አቁሞታል። «ራፐርስ ዲላይት» ውስጥ ከተባሉት ስንኞች የተወሰኑት ግራንድማስተር ካዝ የሚባል የብሮንክስ ልጅ የጻፋቸው ናቸው፤ ስሙ ግን ሸክላው ላይ የለም። ወንበሩ ላይ ሴት ስለተቀመጠች ብቻ ፍትሕ አብሯት አይቀመጥም። አንቺም አንድ ቀን የሌላ ልጅ ግጥም እጅሽ ይገባል፤ ያን ቀን የምታደርጊውን ከአሁኑ አስቢበት።

ሮክሳን ሻንቴን ደግሞ ተቀምጠሽ አድምጫት። በ1984 የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኩዊንስብሪጅ በሚባለው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር የምትኖር። በዚያ ዓመት ዩ.ቲ.ኤፍ.ኦ. የሚባሉ ወንዶች፣ ሲለክፏት ስላልመለሰችላቸው ሮክሳን ስለምትባል ልጅ ዘፍነው ዘፈኑ በየሬዲዮው ይሰማ ነበር። ሎሊታ ሻንቴ ጉደን (እናቷ ያወጣችላት ስም ነው) የዚያችን ልጅ ስም ወሰደችና በእሷ አንደበት መልስ ሰጠች። ራሷ እንደምትተርከው፣ ልብስ ልታሳጥብ ስትወጣ ነው የሰፈሯ ልጅ ማርሊ ማርል የጠራት። ገባች፤ ወረቀት ሳትይዝ ባንድ ጊዜ ተቀዳች፤ ከዚያ ወደ ልብሷ ሄደች። ለመልሷ ሌላ መልስ፣ ለዚያም ሌላ እየተባለ በደርዘን የሚቆጠሩ ሸክላዎች ወጡ።

የሥራዋን ትልቅነት አስተውይ። በወንዶቹ ዘፈን ውስጥ ሮክሳን ይወራባታል እንጂ አትናገርም። ሻንቴ ለዚያች ልጅ አፍ ሰጠቻት። ዋጋውንም አስተውይ። በ1985 ኒው ዮርክ በተደረገ የራፕ ግጥሚያ እስከ መጨረሻው ደርሳ ተሸነፈች፤ ከዳኞቹ አንዱ ሴት ልጅ ካሸነፈች ሙዚቃችንን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ እንደሰጣት ኋላ ተናግራለች። የግራሚ ሰዎች የዕድሜ ልክ ሽልማት የሰጧት በ2025 ነው። ዐርባ ዓመት! አንቺ ለዳኛ ብለሽ አትጻፊ። ዳኛው ፈርዶ ይሄዳል፤ ግጥሙ ግን ሲደመጥ ይኖራል።

ዘመዶቻችን «ይህ ከእኛ ባህል ጋር አይሄድም» ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። አያትሽን አላወቅሻትም። ጎጃም ውስጥ ለቅሶ ሲሆን ሰው ከሩቅ እየላከ የሚያስመጣት ሙሾ አውራጅ ነበረች። አንድ ለቅሶ ላይ አጠገቧ ነበርኩ፤ ሟቿ ባሏ ሲደበድባት የኖረች ሴት ናት። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ የተነፈሰ የለም። ባልየው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረቱን እየደቃ መሃል ላይ ቆሟል። አያትሽ ተነሳች፤ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ ሁለት ስንኝ አወረደች። ላይ ላዩን ስለ በሬና ስለ ጅራፍ ነው። ሴቶቹ ተቀበሏት። ደግማ ስታወርድ ወርቁ ለሁሉም ገባው። የሰውየው እጅ ደረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ሊያስቆማትም አልቻለም፤ ሙሾ አይቋረጥማ። ሽማግሌ የሸሸውን ነገር ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአደባባይ አነሳችው። ከዚያ በኋላ በመንደሩ ውስጥ ያ ሰው ሌላ ሚስት ለማግባት ሲጠይቅ የሰጠው ቤተሰብ አልነበረም።

እኔ ሻንቴን ስሰማ አያትሽን ነው የምሰማው። ራፕ ከሙሾ መጣ ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲህ እያሉ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፣ አትስሚያቸው። ይህን ሙዚቃ የሠሩት የአሜሪካ ጥቁሮች፣ የካሪቢያንና የፖርቶ ሪኮ ልጆች ናቸው፤ ሲንዲና ወንድሟ ራሳቸው ከጃማይካ የመጡ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በሴትነትሽ እንግዳ አይደለሽም ብያለሁ፤ በመጣንበት መንገድ ግን ውለታ አለብሽ። ለእኛ ዓይነቱ ሰው የአሜሪካን በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው ጥቁሮች በሰልፍ፣ በእስርና በደም የመብት ሕጎቹን ባስወጡበት ዘመን ነው። ስለዚህ ያልኖርሽበትን እስር ቤት፣ ያልሰማሽውን ተኩስ፣ ያልቀበርሽውን ወንድም ለግጥም ማሳመሪያ አትውሰጂ። ያ የሰው ሐዘን ነው።

የራስሽ ሞልቶልሻል። ገና ጥርስሽ ሳይለወጥ ሐኪም ቤት ውስጥ በእናትሽና በሐኪሟ መካከል ቆመሽ ታስተረጉሚ ነበር፤ ለልጅ የማይነገር ነገር በአንቺ አፍ አልፎ ነው እናትሽ ጆሮ የገባው። እስከ ዛሬ ስለዚያ አንድም ስንኝ አልጻፍሽም። ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ በሚባለው ጎዳና ላይ ከሌሊት ሥራ የሚመለሱ ሴቶች አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው አገር ቤት ላለ ሰው ሲደውሉ፣ «ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው» ሲሉ ሰምተሻል። ይህን ከአንቺ በቀር በራፕ የሚናገረው የለም። አማርኛውንም እንደ ጌጥ አትሰኪው። እንግሊዝኛው የማይሸከመው ነገር ሲገጥምሽ ያን ጊዜ አማርኛው ራሱ ይመጣል።

ሚሲ ኤሊዮት ፖርትስመዝ፣ ቨርጂኒያ ነው ያደገችው፤ ከእኛ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ኒው ዮርክንም ሎስ አንጀለስንም አልመሰለችም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ እሷ የጻፈችው፣ በድምጿም ራፕ ያደረገችበት የሌላ ልጅ ዘፈን ነበር። ክሊፑ ሲሠራ እሷን አልጠሯትም፤ ቀጠን ያለች ሴት አምጥተው በሚሲ ድምፅ አፏን እንድታንቀሳቅስ አደረጉ። አስቢው፣ ድምፅሽ ከሌላ ሴት አፍ ሲወጣ በቴሌቪዥን ስታዪ! ሚሲ በ1997 የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ በአየር የተነፋ፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ትልቅ ልብስ ለብሳ ካሜራው ፊት ቆመች። ሰውነቷን ደብቁት ሲሏት ጭራሽ አሳበጠችው፤ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ሆነ። ዘፈኑን የጻፈችው እሷ፣ ካቀናባሪው ቲምባላንድ ጋር ቁጭ ብላ የሠራችው እሷ፣ በገዛ ስሟ የቆመ የሙዚቃ ኩባንያም ነበራት። በ2023 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስትገባ ከሴት ራፐሮች የመጀመሪያዋ ሆነች።

አሁን እናትሽ ወደምትፈራው ልምጣ። «ራቁቷን ልትዘፍን ነው ወይ?» አለችኝ። ያለችው በፍርሃት ነው እንጂ ክፋት የለውም። በ1996 ሊል ኪምና ፎክሲ ብራውን የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን ሲያወጡ ወንዶቹ በየዘፈናቸው ስለ ሴት ገላ የሚሉትን እነሱ በራሳቸው አፍ ስለ ራሳቸው ፍላጎት አሉት፤ አገር ተናወጠ። ወንዶቹ ሲሉት ግን እንዲያ አልተናወጠም። ይህ ሚዛን የተዛባ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእናትሽም ነግሬያታለሁ። አንቺም ግን ሌላውን ወገን ስሚ። በ2004 አትላንታ የሚገኘው የስፔልማን የሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎች፣ ኔሊ የሚባለው ራፐር ለመቅኔ ለጋሾች ምዝገባ ግቢያቸው ሊመጣ ሲል፣ ሴቶችን ባዋረደበት ክሊፕ ላይ ቁጭ ብለህ እንነጋገር አሉት። ዝግጅቱ ቀረ። ሙዚቃውን እየሰሙ ያደጉ፣ የሚወዱት ልጆች ናቸው። ጆአን ሞርጋን የምትባል የብሮንክስ ጸሐፊ በ1999 መጽሐፍ ጽፋ ለዚህ ትግል ስም ሰጥታዋለች፤ የምወደው ሙዚቃ ሲሰድበኝ ምን ላድርግ የሚለውን። መጽሐፉ እኔ ጋ አለ።

የእኔ ፍርድ ይኸውልሽ። ገላሽን ማሳየትም መሸፈንም ኃይል አይደለም። ክዊን ላቲፋ በ1989 ዘውድ የመሰለ የአፍሪካ ቆብ ደፍታ ስትነሳ፣ ሚሲ በጥቁሩ ልብስ ስትነፋ፣ ሜገን ዚ ስታሊየን አጭር ለብሳ ስትጨፍር የማየው አንድ ነገር ነው፤ «እንዲህ ሁኚ» ያላት ሰው አለ ወይስ የለም? ማታ በስቱዲዮ ውስጥ አንድ ወንድ «ትንሽ ከፈት ካላደረግሽ አይሸጥም» ቢልሽ፣ ወይም ሌላው «እንዲህ ከለበስሽ የአበሻ አዳራሽ አልሰጥሽም» ቢልሽ፣ ሁለቱም ያው ናቸው። ተነሺና ውጪ። የመመለሻ ታክሲ ገንዘብ ሁልጊዜ በተለየ ኪስ ያዢ፤ ከአንቺ ጋር የሚመጣ ሰውም ይኑር። ይህን የምልሽ ስለማላምንሽ አይደለም።

ምክንያቱ የሆነውን ስለማውቅ ነው። ዲ ባርንስ የምትባል የሂፕ ሆፕ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ በ1991 ሆሊውድ ውስጥ በአንድ ግብዣ ላይ በራፐሩ በዶክተር ድሬ ተደበደበች። ሰውየው ክሱን አልተከራከረም። ሙያው ግን ወደ ላይ ወጣ፤ በር የተዘጋው በእሷ ላይ ነው። ሜገን በ2020 ሎስ አንጀለስ ውስጥ እግሯን በጥይት ተመታች። ሰው በኢንተርኔት ላይ ቁስሏን ቀለደበት፣ ዋሽታለች አላት። በዚያው ዓመት ጥቅምት አካባቢ ጥቁር ሴቶች ጠባቂ ስለማጣታቸው በኒው ዮርክ ታይምስ ጻፈች፤ ፍርድ ቤት ቆማ መሰከረች፤ የተኮሰባት ራፐር ቶሪ ሌንዝ ጥፋተኛ ተብሎ በ2023 የ10 ዓመት እስር ተፈረደበት። በመካከሉ፣ በ2021 መጨረሻ፣ ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በጤና አስተዳደር ተመርቃለች። ትምህርትሽን አቋርጠሽ ሙዚቃ ልያዝ ስትዪኝ የማነሳልሽ እሷን ነው፤ ደጋግሜም አነሳታለሁ።

ወደ ወረቀቱ እንሂድ። ስቱዲዮ አለኝ ያለሽ ሰውዬ የላከልሽን ውል ቃል በቃል አንብቤዋለሁ። ቢት በነጻ፣ ቀረጻ በነጻ ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን የምትሠሪው ሁሉ «በቅጥር የተሠራ ሥራ» ነው ይላል፤ ወረድ ብሎ «በመላው ዓለም፣ ለዘለዓለም»፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመድረክ ስምሽንና ምስልሽን ለፈለገው ሊያውል ይችላል። ልጄ፣ በነጻ የተባለው ይህ ነው። አትፈርሚ።

እዚህ አገር አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ግጥሙና ዜማው ነው፤ የጻፈው ሰው ነው ባለቤቱ። ሌላው የተቀዳው ድምፅ ነው፤ ማስተር የሚሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው የሚወስደው እሱን ነው። የቅጂ መብት ሕጉ ለሠሪው አንድ ትልቅ ዕድል ትቶለታል፤ ከ1978 ወዲህ መብትሽን ፈርመሽ ብትሰጪ እንኳ አስቀድመሽ ማስታወቂያ ሰጥተሽ ከ35 ዓመት በኋላ መልሰሽ ልትወስጂው ትችያለሽ። ሥራው «በቅጥር የተሠራ» ከተባለ ግን ይህ ዕድል የለም። ሰውዬው ያቺን ሐረግ ለምን እንዳስገባት አሁን ገባሽ?

ሶልት ኤን ፔፓን እናትሽም ታውቃቸዋለች፤ እኔና እሷ እንደመጣን ሰሞን በየሱቁ የሚሰሙት እነሱ ነበሩ። ሼረል ጄምስና ሳንድራ ዴንተን ኩዊንስ ውስጥ ሲርስ የሚባለው የሱቅ ኩባንያ የስልክ ክፍል ሠራተኞች ነበሩ፤ አብሯቸው ይሠራ የነበረው ኸርቢ አዞር ነው ወደ ሙዚቃ ያስገባቸው። መጀመሪያ ላይ የሚጽፈውም የሚያቀናብረውም እሱ ነበር። ቀስ በቀስ ሼረል መጻፍም ማቀናበርም ያዘች፤ «ኤክስፕሬሽን» የራሷ ሥራ ነው። በ1991 ስለ ወሲብ በግልጽ እንነጋገር ብለው ያወጡትን ዘፈን ኋላ ስለ ኤድስ አድርገው እንደገና ሠሩት፤ ያኔ በሽታው በሹክሹክታ በሚወራበት ዘመን ነው። በ1995 ግራሚ ወሰዱ። ይህ ሁሉ ሆኖ በ2025፣ ዕድሜያቸው ስድሳ አካባቢ ሲሆን፣ የገዛ ድምፃቸውን ማስተር ለማስመለስ ዩኒቨርሳል ሚዩዚክን ከሰሱ። ክርክሩ የተሽከረከረው በ1986 በተፈረመ ወረቀት ላይ ነበር። ከኩባንያው ጋር የተዋዋለው የአዞር ድርጅት ነው፣ እነሱ ሰጪ ስላልነበሩ መልሰው የሚወስዱት የለም የሚል ነበር የኩባንያው መከራከሪያ። ሴቶቹ ሃያ ዓመት አካባቢ ሆነው የተጻፈ ወረቀት ነው። አንቺ አሁን በዚያ ዕድሜ ላይ ነሽ።

ስለዚህ ግጥምሽን ዋሽንግተን በሚገኘው የቅጂ መብት ቢሮ አስመዝግቢ፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያውን እኔ እችላለሁ። ከግጥም ደራሲዎች ማኅበራት በአንዱ፣ በአስካፕ ወይም በቢ.ኤም.አይ.፣ ተመዝገቢ። ሳውንድ ኤክስቼንጅ በሚባለውም እንዲሁ፤ ዘፈንሽ በሳተላይትና በኢንተርኔት ሬዲዮ ሲጫወት ከሚሰበሰበው ግማሹ ለማስተሩ ባለቤት፣ 45 በመቶው ለዘፋኙ፣ 5 በመቶው ለአጃቢዎቹ ይሄዳል። የማስተሩ ባለቤትም ዘፋኟም አንቺ ከሆንሽ ቁጥሩን ራስሽ ደምሪው። የመድረክ ስምሽንም ማንም የራሱ አድርጎ ሳያስመዘግበው አንቺ ቅደሚ።

የሌላውንም ድርሻ አትብዪ። ሎሪን ሂል በ1998 ያወጣችው አልበም እኔ እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ የማይጠፋ ነው። በ1999 አምስት ግራሚ በአንድ ሌሊት ወሰደች፤ የዓመቱ ምርጥ አልበም የተባለ የመጀመሪያው የሂፕ ሆፕ ሥራም እሱ ነው። ግን አብረዋት የሠሩ ሙዚቀኞች ድካማችን አልተጻፈልንም ብለው ከሰሷት፤ ነገሩ በ2001 በስምምነት አለቀ። ያን የመሰለ ሥራ በፍርድ ቤት ወረቀት መነካቱ ያሳዝነኛል። አንቺ ከስቱዲዮ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ገና ላባችሁ ሳይደርቅ፣ ማን ምን እንደሠራና ስንት እጅ እንዳለው ባንድ ወረቀት ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት። ያቺ ከበሮውን የምታቀናብርልሽ ልጅ ጓደኛሽ ስለሆነች አያስፈልግም አትበይ፤ ጓደኛሽ ስለሆነች ነው የሚያስፈልገው።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። አዘጋጆች «ለዛሬ ማታ ሴት አለችን» ይሉሻል፤ አንዲት ሴት ከበቂ በላይ እንደሆነች። ወንዶቹ ስምንት ሆነው ይወጣሉ፣ ማንም አይቆጥራቸውም። ግራሚ ለምርጥ የራፕ አልበም መሸለም ከጀመረበት ከ1996 አንስቶ፣ ከቡድን ጋር ካልሆነ በቀር፣ ብቻዋን የወሰደች ሴት እስከ 2019 እስከ ካርዲ ቢ ድረስ አልነበረችም፤ ሁለተኛዋ ዶቺ በ2025 ናት። ቦታው አንድ ብቻ ነው ሲባል ሴቶቹ እርስ በርስ ይባላሉ። ሊል ኪምና ፎክሲ ብራውን ሁለቱም የብሩክሊን ልጆች፣ በአንድ ወቅትም ወዳጆች ነበሩ። በ2001 ማንሃተን ውስጥ ሆት 97 ሬዲዮ ጣቢያ ደጃፍ የኪም ወገኖችና ፎክሲ ኪምን በነካችበት ዘፈን ላይ አብረዋት የዘፈኑት ሰዎች ወገኖች ተታኮሱ፤ ሰው ቆሰለ። ኪም ስለዚያ ቀን ስትመሰክር ዋሽታለች ተብላ በ2005 አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደባት። የጠባቸው ወሬ ጋዜጣ ሸጠ፤ የሬዲዮ አድማጭ አበዛ። ለሁለቱ ሴቶች የተረፋቸው ግን ይኸው ነው።

ላቲፋ በ1989 «ሌዲስ ፈርስት»ን ስትሠራ ግን ከለንደን ሞኒ ላቭን ጠርታ ግማሹን ሰጠቻት። ዛሬ ያ ዘፈን ሲነሳ ሁለቱም ይነሳሉ፤ አንዷ ሌላዋን አልቀነሰቻትም። አሌክሳንድሪያ የምትኖረውን፣ ባለፈው ክረምት አብራሽ የተወዳደረችውን ልጅ አስታውሻት። አንቺ አሸነፍሽ፤ ሦስተኛው ስንኟ ግን ከአንቺ ስንኞች ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ለሚቀጥለው ወር ዝግጅት ሃያ ደቂቃ ሰጥተውሻል። አሥሩን ለእሷ ስጪና ዛሬውኑ ደውዪላት። አዘጋጁ «አንዲት ሴት ነው የጠራነው» ካለሽ ክፍያውን ለሁለት እንደምትካፈሉ ንገሪው፤ የሁለታችሁንም ስም በማስታወቂያው ላይ እኩል እንዲጽፍ በጽሑፍ አስፈርሚው፤ ወረቀቱን ከመመለስሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ።